ባሱ አልተቃጠለም



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከአንዲት አጭር አቤቱታ የሚጀምር ነው፦ "ስክሪን አስገጠምኩ፤ ባሱ ጠፋ።" መኪናው ፕራዶ ወይም ላንድክሩዘር፣ አንዳንዴም ቢኤምደብሊው ይሆናል። ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ አምፕሊፋየርና የራሱ ሰብዉፈር፣ ባስ የምንለው ትልቁ ስፒከር፣ ነበረው። ባለቤቱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ የዱሮውን ቴፕ ያስወጣና በምትኩ አንድሮይድ ስክሪን ያስገባል። ስክሪኑ ያምራል፣ ካርታ ያሳያል፣ ወደ ኋላ ሲነዱ ካሜራ ይከፍታል። ዘፈን ሲከፈት ግን ድምፁ ቀጥኗል፤ ከበሮው የለም፣ ቤዝ ጊታሩ የለም። ሰውዬው የገጠመለት ልጅ ዘንድ ይመለሳል። ልጁም መልስ አያጣም፤ "ጋሼ፣ ባሱ ተቃጥሏል። አዲስ እንግጠምልዎት።"

እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። እስከ ትናንት ሲመታ የነበረ ሰብዉፈር ቴፑ በተነቀለበት ሰዓት አብሮ የሚቃጠልበት ምክንያት የለም። አልተቃጠለም፤ የቀሰቀሰው የለም እንጂ። እንዲነሣ የሚፈልገው አንድ ቀጭን ሽቦ፣ የሚስማማው ሲግናልና ንጹሕ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰር ኔጌቲቭ፣ ነው። እነዚህን ሳያዩ አዲስ ባስ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ለመሆኑ ቴፑ ለምን ይነቀላል? አንዳንዱ ለጌጥ ነው፤ የባለቤቱ መብት ስለሆነ አልከራከርም። የብዙው ግን ችግር ነው። ከእነ ቪትዝ፣ ከእነ ኮሮላ ውስጥ ከጃፓን ገበያ የመጡ አሉ፤ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረው ኋላ ነው። መሪው ይዙር እንጂ ራዲዮው አልዞረም። የጃፓን ኤፍኤም ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት እስከ 95 ሰፋ። የእኛ ጣቢያዎች ያሉት ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ናቸው፤ ሦስቱም ከጃፓኑ ጣራ በላይ። ሰውዬው ፍጹም ጤነኛ ቴፕ ይዞ ዜና አይሰማም ማለት ነው። በዚያ ላይ ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፤ ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስም አንዳንዱ የይለፍ ቁጥር ይጠይቅና ይቆለፋል። ችግሩ የጣቢያ ብቻ ከሆነ አንቴናው ሽቦ ላይ የምትገባ፣ ሞገዱን ዝቅ አድርጋ ለጃፓኑ ራዲዮ የምታቀብል ትንሽ ዕቃ ገበያ ላይ አለች። ድምፁ የጠራ ላይሆን ይችላል፤ ግን ቴፑ ሳይነካ ዜና ይሰማል። ይህን ለደንበኛው የሚነግር ባለሙያ ጥቂት ነው። ትርፉ ትንሽ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሌላም ምክንያት ተጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ያለችውን መኪና አድሶ መያዝ ግድ ሆነ። ወንበሩ ይለብሳል፣ ቀለሙ ይታደሳል፣ ክሩስኮቱ ላይ ስክሪን ይገባል። አሮጌው መኪና ገና ብዙ ዓመት አብሮን ሊኖር ነውና ውስጡ ያለውን ዕቃ ማወቅ ይገባናል።

"ባስ የወጣት ጨዋታ ነው፤ ምን ያስጨንቃል?" የሚሉ አባቶች አሉ። ሌላ አገር ቢባል እሰማለሁ፤ ወሎ ላይ ግን አይባልም። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው የወጣው በዚሁ በወሎ ቦታዎች ነው። የመንዙማው ድቤም ሆነ የሠርጉ ከበሮ ግማሽ ነገሩ ያለው በታችኛው ድምፅ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ 41 ኸርዝ ማለት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የዚያ ድምፅ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ከላንድክሩዘሩ ርዝመት በላይ ነው። በር ላይ ያለችው 16 ሳንቲሜትር ስፒከር ይህን ለመግፋት ትታገላለች፤ በሩን ታንቀጠቅጣለች እንጂ አይሆንላትም። ፋብሪካው ትልቁን ስፒከር ለብቻው ከኋላ በጎን ፕላስቲክ ውስጥ ወይም ከወንበር ሥር የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ ከየት እንደሚነሣ ጆሮ አጥርቶ ስለማይለይ የትም ቢቀመጥ ግድ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ ላጥራ። "አገራችን ደጋ ስለሆነ ባስ ይደክማል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ጥቂት እውነት አለበት። ያለንባት መካነ ሰላም የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስፒከሩ እኩል ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ድምፁ በሁለት ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ሁለት ዴሲቤል ግን ልብ ብለው ካላዳመጡት የማይለይ ነው። አዲስ አበባም ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚያ ወደዚህ ለመጣ መኪና ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ባሱ ጨርሶ ከጠፋ ደጋውን አትክሰሱ። መንገዱን ብትከስሱ ይሻላል፤ በአቀስታ በኩልም ሆነ ወደ ወገዲ ሲናወጥ የከረመ መኪና ብሎኑ ይላላል፣ ማሳው ይዝጋል፣ ስፒከሩ አቧራ ይጠጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቀድሞ የመኪና ራዲዮ ሁሉን በራሱ ይሠራ ነበር፤ ጣቢያውንም ይይዛል፣ ስፒከሩንም ያንቀሳቅሳል። ይህን ከለወጡት አንዱ ቦዝ ነው። የኤምአይቲው መምህር አማር ቦዝ የመሠረተው ኩባንያ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ሆኖ በ1983 እ.ኤ.አ. ሞዴል ካዲላክ ሴቪል ላይ ለዚያው መኪና ብቻ የተለካ የድምፅ ሥርዓት ገጠመ። እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ አምፕሊፋየር ነበረው። ከዚያ በኋላ ቶዮታ ከጄቢኤል፣ ኒሳን ከቦዝ፣ ቢኤምደብሊው ከሃርማን ካርደን ጋር ሠሩ። በእነዚህ መኪኖች ክሩስኮት ላይ የምታዩት ቴፕ ጣቢያ ይመርጣል፣ ድምፅ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ጉልበቱ ያለው ግን ከወንበር ሥር ወይም ከጎን ፕላስቲክ ጀርባ በተደበቀው አምፕ ነው።

ያ አምፕ ቀን ከሌት ነቅቶ አይቀመጥም። ቢቀመጥ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ከባትሪ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ እያለው፣ ማሳው እያለው፣ ተኝቶ ይቆያል። እንደ እድርተኛ አስቡት፤ ጉልበት አለው፣ መዋጮውንም ከፍሏል፤ ጥሩምባ ካልተነፋ ግን ማን እንደሞተ አያውቅምና ከቤቱ አይወጣም። ለአምፑ ጥሩምባው ከቴፑ በቀጭን ሽቦ የምትመጣ 12 ቮልት ናት። ሪሞት እንላታለን። ቴፑ ሲከፈት ትመጣለች፣ አምፑ ይነሣል፤ ሲዘጋ ትቋረጣለች፣ ይተኛል። የዱሮው ቴፕ ይህን በራሱ ሶኬት ያደርገው ነበር። አዲሱ ስክሪን ላይ ግን ሽቦው ለብቻው ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር አለበት፤ ብዙ ስክሪኖች ላይ "አምፕ ኮንትሮል" የምትል ትንሽ ወረቀት ጫፉ ላይ ተለጥፋለች። ባሱ የጠፋበትን መኪና ክሩስኮት ፈትታችሁ ብታዩ ይህ ሽቦ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ታጥፎ፣ ከስክሪኑ ጀርባ ተወሽቆ ታገኙታላችሁ። የገጠመው ልጅ "ትርፍ ሽቦ" ብሎት ነው።

ከጎኑ ሙሉ ሰማያዊ የሆነ ሽቦ አለ፤ እሱ የአንቴና ነው። ሁለቱ ሲምታቱ የሚታየው ምልክት ደስ የሚል ነው። ኤፍኤም ሲከፈት ባሱ ይመታል፤ ወደ ብሉቱዝ ወይም ወደ ፍላሽ ሲዛወር ዝም ይላል። በብዙ ቴፖች የአንቴናው ሽቦ 12 ቮልት የሚሰጠው ራዲዮ ሲሠራ ብቻ ነዋ! እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣላችሁ አንድ ብሎን ሳትፈቱ ሕመሙን መናገር ትችላላችሁ።

ሌላው አቋራጭ ሪሞቷን በቀጥታ ከባትሪ ማገናኘት ነው። ባሱ ይመታል፣ ደንበኛው ተደስቶ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ሌሊቱን ጉጉፍቱ ብርድ ላይ ያደረ እንደሆነ ግን ጠዋት ሞተሪኖው አይዞርም። አምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ አድሯል፤ ብርዱ ደግሞ የባትሪውን አቅም ቀንሶታል። ያ ሰው ጥፋቱን ባትሪው ላይ ጥሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ እሱም ይወርድበታል።

ቴስተር ያላችሁ ሰዎች፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቁሩን ጫፍ ቀለሙ የተፋቀ የመኪናው ብረት ላይ፣ ቀዩን አምፑ ሶኬት ላይ ባለው ወፍራም ሽቦ ላይ አድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6፣ ሞተሩ ተነሥቶ 14 ገደማ ካነበበ ኃይል አለ። ዜሮ ከሆነ ፊውዝ ፈልጉ፤ አንዱ ኮፈን ሥር፣ ሌላው ብዙ ጊዜ አምፑ ራሱ ላይ ነው። ቀጥሎ ቀጭኗን ሽቦ ለኩ። የትኛዋ እንደሆነች በቀለም አትገምቱ፤ የዚያን ሞዴል የሽቦ ንድፍ እዩ፤ ዛሬ ስልክ ላይ ይገኛል። ቴፑ ተከፍቶ ዜሮ ካነበበች ሕመሙ ተገኝቷል። ለማረጋገጥ ከባትሪው የመጣ 12 ቮልት በ1 አምፔር ፊውዝ አሳልፋችሁ ለአፍታ ይህችን ቀጭን ሽቦ ንኩበት። ብዙ አምፖች ሲነሡ ስፒከሩ ላይ "ዱብ" ይላሉ። ይህችን "ዱብ" ከሰማችሁ አምፑም ባሱም ደኅና ናቸው፤ ባለቤቱን "አብሽር ጋሼ" በሉት።

ካልተሰማ ስፒከሩን ለይታችሁ መርምሩ። ሶኬቱን ነቅላችሁ በኦም ለኩ። 2 ኦም የተባለ ስፒከር ከ2 ትንሽ ያነሰ፣ 4 ኦም የተባለውም ከ4 ያነሰ ያነብባል፤ ይህ ጤና ነው። ቴስተሩ ጨርሶ ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። "ተቃጥሏል" የሚባለው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም። ካነበበ ደግሞ የስፒከሩን ወረቀት በጣቶቻችሁ ጫፍ ዙሪያውን እኩል ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። የሚፋተግ ድምፅ ከሰማችሁ አቧራ ገብቶበታል ወይም ኮይሉ ተጣሟል። ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ ሲነካ እየተፈረፈረ እጃችሁ ላይ ከቀረ ዕድሜው አልቋል፤ የአሮጌ መኪና ባስ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚህ ነው፣ በቃጠሎ አይደለም።

ግራ የሚያጋባው ግን ሌላ ዓይነት ነው። የበሮቹ ስፒከሮች በሙሉ ይሠራሉ፣ ባስ ብቻ የለም። ብዙ የጄቢኤል መኪኖች ላይ እኮ የበሮቹንም የባሱንም ድምፅ የሚያወጣው ያው አንድ አምፕ ነው፤ ካልተነሣ መኪናው በሙሉ ዝም ማለት ነበረበት። ታዲያ በሮቹ እንዴት ሠሩ? የገጠመው ልጅ አምፑን ዘሎታል። መኪናው ዝም ሲልበት ደንግጦ ከስክሪኑ በቀጥታ ወደ በሮቹ አዲስ ሽቦ ስቧል። ደንበኛው ድምፅ ሰማ፣ ከፈለ፣ ሄደ። ባሱ ግን ከአምፑ ጋር ተጥሎ ቀረ።

ይህ ሥራ በባስ መጥፋት ብቻ አያበቃም። የፋብሪካ ስፒከሮች ብዙዎቹ 2 ኦም ናቸው፤ የቦዝ አንዳንዶቹ ከዚያም ያንሳሉ። ስክሪኑ የተሠራው ግን ለ4 ኦምና ከዚያ በላይ ነው። ኦሙ በግማሽ ሲወርድ ከስክሪኑ የሚጠየቀው ከረንት እጥፍ ይሆናል፤ ስክሪኑ ይሞቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሲብስም ውስጡ ያለው አይሲ ይሞታል። ሳጥኑ ላይ "4 በ60 ዋት" የሚለውን አትመኑ። 14.4 ቮልት በ4 ኦም ስፒከር ላይ ሳይበላሽ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 26 ዋት ነው፤ በተግባር 20 ቢሰጥ ደግ ነው። ተማሪዎች ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡና አስሉት፤ 14.4ን በራሱ አባዙና ለ8 አካፍሉ። 60 ዋት የሚለው ቁጥር ለገበያ የተጻፈ ነው።

ስለዚህ አምፑን አትዝለሉት፤ ቀስቅሱትና ሲግናል ስጡት። ሲግናሉ ከስክሪኑ ጀርባ አርሲኤ በሚባለው ክብ ሶኬት ይወጣል፤ ጉልበቱ ከሁለት እስከ አራት ቮልት ነው። የአርሲኤው መሐለኛ ጫፍ ወደ አምፑ የፖዘቲቭ ግቤት፣ የዳሩ ወደ ኔጌቲቩ ይሄዳል። በብዙ ቶዮታዎች አምፑ ለእያንዳንዱ ቻናል ሁለት ሽቦ ይቀበላል፤ አንዳቸውም ማሳ አይደሉም። ለባስ ለብቻው ግቤት ከሌለው አትፈልጉ፤ ከፊትና ከኋላ ቻናሎች ራሱ ቀንሶ ያወጣዋል። ለብቻው ካለው ግን የስክሪኑን "ሰብ" መውጫ ስጡት፤ ማጣሪያውን 80 ኸርዝ ላይ አስቀምጡና ከዚያ በጆሮ አስተካክሉ። ስክሪኑ አርሲኤ ከሌለው የስፒከሩን ሽቦ ወደ ትንሽ ሲግናል የሚለውጥ ኮንቨርተር ይገዛል፤ ውድ አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ አደጋ አለ፤ ዕቃ የሚጎዳበት ነው። የዛሬ ቴፖች የስፒከር ኔጌቲቭ ማሳ አይደለም። ቴፑ ተከፍቶ ሁለቱን የስፒከር ሽቦዎች ተራ በተራ ከማሳ ጋር ብትለኩ በሁለቱም ላይ 6 ቮልት ገደማ ታያላችሁ። በመካከላቸው ግን ዜሮ ነው። ስለዚህ ሽቦ ለመቆጠብ የሁሉንም ኔጌቲቭ አንድ ላይ ጠምጥሞ ብረት ላይ ማሰር ቴፑን መግደል ነው። አሮጌው ሠራተኛ በካሴት ዘመን እንዲህ አስሮ ሠርቶለት ይሆናል፤ ያ ዘመን አልፏል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለሽቦም ይሠራል።

ሌላ አደጋም ከክሩስኮቱ ውስጥ አለ፤ ቢጫ ሶኬት። የኤርባግ ነው፣ አይነካም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። መኪናው ከጃፓን የመጣ ከሆነና የድሮው ቴፕ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ የይለፍ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ባሱ ተገናኝቶም ቢሆን ደካማ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሁለቱን የባስ ሽቦዎች አገላብጡና በሾፌሩ ወንበር ተቀምጣችሁ አዳምጡ። የበሩ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ባሱ ወደ ኋላ የሚስብ ከሆነ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ጆሮ ይፈርዳል። ብዙ ስክሪኖች ላይ ይህ "ፌዝ" በሚል በሜኑ ውስጥ ይገለበጣል፤ ሽቦ መፍታትም አያስፈልግም።

ስለ ማፏጨት ደግሞ ትንሽ። ነዳጅ ሲረገጥ የሚቀጥን፣ ሲለቀቅ የሚወፍር ፉጨት ከስፒከሩ ከወጣ ምንጩ ዲናሞው ነው። ስክሪኑና አምፑ ማሳቸው የተለያየ ቦታ ሲሆን ወይም አንዱ ማሳ ዝጎ ሲላላ በሲግናሉ ሽቦ በኩል ይገባል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ እሰሩ። የአርሲኤው ሽቦ በአንድ ጎን፣ የኃይል ሽቦው በሌላው ጎን ይሂድ።

የፋብሪካው አምፕ በርግጥ ሞቶ አዲስ ከተገዛ የሽቦውን ነገር ተጠንቀቁ። ገበያ ላይ ከላይ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ሞልቷል። ዋጋው ይረክሳል፤ ከረንትን የሚያግደው ግን የእውነተኛውን መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። የአንዱን ቀጭን ክር ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጣ ካለ መልሱት። ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ብዙም አይራቅ፤ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ መኪናውን ከእሳት የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲመለስ አልፎ አልፎ አይቻለሁ። ያ ሰው መኪናውን ሊያቃጥል ተስማምቷል።

ጀርመኖቹን በተመለከተ መንገዱ ሌላ ነው። ቢኤምደብሊው በ2001 እ.ኤ.አ. በ7 ሲሪዝ መኪናው ላይ ሞስት የሚባል የብርሃን ሽቦ አስገባ። ድምፁ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በብርሃን ይሄዳል፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ብታዩ ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን ታያላችሁ። ዕቃዎቹ በክብ የተያያዙ ናቸው፤ ቴፑን ስትነቅሉ ክቡ ይበጠስና አምፑም አብሮ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ሪሞት ብትፈልጉ የለም፤ አርሲኤ ብታስገቡ የሚገባበት የለም። ለዚያ መኪና የተሠራ አስተርጓሚ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ከሌለ የዱሮው ቴፕ ቦታው ላይ ይቆይ። ሌሎች መኪኖች ደግሞ ትእዛዙን በካንባስ ይልካሉ፤ ይህ ቦሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የመኪና ዕቃዎች መነጋገሪያ ነው። አንድሮይድ ስክሪኖች ብዙ ጊዜ ትንሽ የካንባስ ሳጥን ይዘው ይመጣሉ፤ በሴቲንጉ ውስጥ የመኪናውን ሞዴልና "አምፕ ያለው" የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ሽቦውን ሁሉ ካዩ በኋላ ችግሩ እዚያ ሜኑ ላይ ሆኖ ሲገኝ ያናድዳል።

የኤሌክትሪክ መኪኖችም እየመጡ ነው፤ እነ ቢዋይዲ፣ እነ አይዲ ፎር። እነሱ ላይ ስክሪኑን ለመንቀል አታስቡ፤ ማሞቂያውም ማቀዝቀዣውም ሌላውም መቆጣጠሪያ እሱ ላይ ነው። ባስ መጨመር የሚፈልግ ከስፒከሩ ሽቦ ሲግናል ወስዶ ከትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ኃይል ይስጠው። ብርቱካንማ ሽቦ ያያችሁበት ግን እጃችሁ አይድረስ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

ባሱ ከተነሣ በኋላ ለሾፌሮች አንድ ልመና አለኝ። ደንቆሮ ላሰማ እያለ የሚመታ ባስ ጎረቤትም ተሳፋሪም ያስቸግራል፤ ወደ ቦረና ሳይንት ፓርክ የምትወጡ ደግሞ የደንቆሮ ጫካ አጠገብ ስትደርሱ ዝጉት። ጭላዳው ሙዚቃ አልጠየቀም።

ለባለሙያዎች የምለው ይህ ነው። ቴፑን ከመፍታታችሁ በፊት ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ ባሱን አዳምጡ፤ ይሠራ እንደነበር ሁለታችሁም እወቁ። የወጣውን ቴፕ ለባለቤቱ መልሱለት፤ ንብረቱ ነው። ከሁሉም በላይ የፋብሪካውን ሶኬት አትቁረጡ። ለቶዮታም ለሌላውም ሳይቆረጥ የሚገናኝ አስማሚ ሶኬት ይሸጣል፤ በደሴ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይጠየቅ። ሶኬት የተቆረጠበት መኪና ላይ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ የቱ ሽቦ የቱ እንደሆነ አያውቅም፤ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል፣ ክፍያው በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ፤ ከዚያ ወደ ግቢው እንወጣለን። ቴስተር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።